ወደ ኤምአርአይ ክፍል ከመግባትዎ በፊት ስለ ብረት የሚጠየቁት ለምንድን ነው?

እ.አ.አ በ2001 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት አንድ የ6 ዓመት ሕፃን ለኤምአርአይ ምርመራ እንደተኛ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር በማሽኑ ተስቦ ጭንቅላቱን መታው። በደረሰበት ጉዳትም ሕይወቱ አለፈ።

በሆስፒታሎች የሚገኙ ብዙ የኤምአርአይ ማሽኖች የማግኔት ጉልበት 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። ይህም ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ በአስር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ማግኔቱ ምርመራ በሌለበት ሰዓትም አይጠፋም።

በተለምዶ “ብረት” ብለን የምንጠራቸው ነገሮች ሁሉ ግን ለማግኔት የሚሰጡት ምላሽ አንድ ዓይነት አይደለም። አይረን የሚባለው ዋናው ብረት፣ ኒኬል እና ኮባልት አተሞቻቸው እንደ ትንንሽ ማግኔት ናቸው፤ ኃይለኛ ማግኔት ሲቀርባቸው በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው በብርቱ ይሳባሉ። አሉሚኒየም እና ቲታኒየም የሚሳቡት እጅግ በጥቂቱ ነው። ወርቅ፣ መዳብ እና ውሃ ደግሞ በተቃራኒው ከማግኔት በጥቂቱ ይሸሻሉ።

በመሆኑም አጥንቱ በቲታኒየም የተጠገነ ሰው ብዙውን ጊዜ መመርመር ይችላል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ወይም ዓይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ የገባበት ሰው ግን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ወርቅም ባይሳብ በማሽኑ የሬዲዮ ሞገድ ሊግል ስለሚችል ጌጣጌጥ ይወልቃል። ሰውነትዎ ውስጥ የተገጠመ ነገር ካለ፣ ከምን እንደተሠራ የሚገልጸውን ሰነድ ይዘው ይሂዱ።