የአየር ፊልትሮ ሲመረጥ

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ሁሉ የናፍጣውን ዋጋ አጥብቆ ይቆጥራል፤ ሞተሩ ስለሚስበው አየር የሚጨነቅ ግን ጥቂት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ለማቃጠል ከ10 ሺህ ሊትር የማያንስ አየር ያስፈልጋል። ከሞጆ እስከ ዝዋይ፣ አሸዋና ገረጋንቲ በሚጫንበት ስፍራ ሁሉ፣ አየሩ ደቃቅ የእሳተ ገሞራ አቧራ የተቀላቀለበት ስለሆነ ሲሊንደሩንና የፒስቶኑን ቀለበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል።

ከመኪናው ሠሪ ፋብሪካ ውጭ የተሠራ ፊልትሮ መግዛት ነውር አይደለም። ነገር ግን ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ የዳሩን ጎማ ሊመረምር ይገባዋል፤ ጎማው ከመያዣው ጋር በትክክል ካልገጠመ፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አቧራው በጎን ያልፋል። በአይሶ 5011 ደንብ የተፈተነበትንም ውጤት ሻጩን መጠየቅ መልካም ነው። ዘይት የተቀባው የጥጥ ፊልትሮ «ኃይል ይጨምራል» እየተባለ ይሸጣል፤ አየር በብዛት ማሳለፉ እውነት ነው፤ አቧራም አብሮ ያሳልፋልና ለዚህ አገር መንገድ አንመክረውም።

አሮጌውን ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ማስነፋት በየጎሚስታው ተለምዷል። ኃይለኛው አየር ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ይበሳዋል፤ ባለቤቱ ቆጠብሁ ሲል ቱርቦው ይበላል። ውስጠኛው መጠባበቂያ ፊልትሮማ ከቶ አይነፋም፤ ሲቆሽሽ የሚለወጥ ብቻ ነው።