ሲሜንሲስ፦ የሳይንስ ስሞች ጅራት ምን ይናገራል?

የስሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮ በሳይንስ መዝገብ ካኒስ ሲሜንሲስ ይባላል። ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ሲነኩት የሚለበልበው፣ ለጋ ቅጠሉ ግን ተቀቅሎ የሚበላው ሳማ ደግሞ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው። ቀበሮና ሳማን የሚያገናኛቸው የስማቸው መጨረሻ ብቻ ነው። «ኤንሲስ» የላቲን ቅጥያ ሲሆን በቦታ ስም ላይ ሲለጠፍ «የዚያ አገር» የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ ጎንደር ጎንደሬን፣ ጎጃም ጎጃሜን እንደሚያወጣ ማለት ነው። ቅጥያው በፈረንሳይኛ በኩል ተሻግሮ እንግሊዝኛ ውስጥም ገብቷል። ቻይኒዝ፣ ጃፓኒዝ፣ ፖርቹጊዝ የሚሉት ቃላት መጨረሻ የዚሁ የ«ኤንሲስ» ዘር ነው።

ስሜን በዚህ ቅጥያ መዝገብ የገባችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ በስሜን በኩል ጎንደር ገባ፤ ይዟቸው ከተመለሳቸው ናሙናዎች መካከል ቀይ ቀበሮው ይገኝበታል። የሰበሰባቸውን ዕፅዋት ያጠናው ፍሬሴኒየስ ደግሞ አንዱን የማገጥ ዓይነት ትሪፎሊየም ሲሜንሴ አለው። እዚህ ላይ ቅጥያው «ሲስ» መሆኑ ቀርቶ «ሴ» ሆኗል። ምክንያቱ ሰዋስው ነው፦ በላቲን የዝርያው መጠሪያ ቅጽል ከሆነ የወገኑን ስም በጾታ ይከተላል፤ ካኒስና ኡርቲካ «ኤንሲስ»ን ሲወስዱ፣ ወንድም ሴትም ያልሆነው ትሪፎሊየም «ኤንሴ»ን ይወስዳል። የሻይ ተክል ስም ካሜሊያ ሲኔንሲስ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ አንዲት ፊደል እንዳታሳስተው መጠንቀቅ አለበት። ሲኔንሲስ «የቻይና» ማለት ነው፤ ከስሜን ጋር አይገናኝም።

የአገር ስም የሚቀበል ሌላም ቅጥያ አለ። ኮሶ ሃጌኒያ አቢሲኒካ፣ ቀጋ ሮዛ አቢሲኒካ፣ ኑግ ጊዞቲያ አቢሲኒካ ይባላሉ። «ኢካ» የአንስታይ መልክ ነው፤ ተባዕቱ «ኢኩስ»፣ ግዑዙ «ኢኩም» ነው። ሦስቱም ለኢትዮጵያ የተሰጡ ስሞች ትክክል ናቸው ማለት ይቻላል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። ሊኔየስ በ1753 ቡናን ኮፌያ አራቢካ ያለው አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በዓረብ በኩል ስለነበረ ነው፤ የቡና መገኛ ኢትዮጵያ መሆኗ ሲረጋገጥ ስሙ አልተለወጠም። በተቃራኒው ዛሬ ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ የምትባለው ነጭ አበባ አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የጥንት ሰዎች ከግብፅ ወዲያ ያለውን ምድር በሙሉ ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር ነው እንዲህ የተባለችው። ቅጥያው የሚመሰክረው ስም አውጪው ዝርያውን የት እንዳየው ወይም ከየት መጣ ብሎ እንዳሰበ እንጂ ዝርያው የት እንደተፈጠረ አይደለም። ቀይ ቀበሮው ራሱ ስሜንን በስሙ ቢይዝም ዛሬ በብዛት የሚገኘው በባሌ ተራሮች ነው።

የሰው ስም ሲሆን ቅጥያው ይለወጣል። በ1837 መጥቶ እስከ 1878 ሞቱ ድረስ በኢትዮጵያ የኖረው፣ በስሜንና በትግራይ ዕፅዋት ሲሰበስብ የነበረው ጀርመናዊ ጊዮርግ ሺምፐር በብዙ ተክሎች ስም ላይ አለ፤ ጦስኝ ታይመስ ሺምፐሪ ናት። መጨረሻዋ «ኢ» ለአንድ ወንድ ስትሆን «የእርሱ» ማለት ናት። ለሴት ከሆነ «ኤ» ትገባለች። ራስን በራስ ስም መሰየም በሊቃውንቱ ዘንድ ነውር ስለሆነ ሩፔልም ሌሎች እስኪያከብሩት መጠበቅ ነበረበት፤ በስሜን ገደሎች ላይ ሲያንዣብብ የሚታየው ጥንብ አንሣ ጂፕስ ሩፔሊ የተባለው በሌላ ሰው ነው።

መምሰልን የሚገልጸው ከግሪክ የመጣው «ኦይዴስ» ነው። ጌሾ ራምነስ ፕሪኖይዴስ ይባላል፤ ፕሪኖስ የተባለውን ዛፍ ይመስላል ተብሎ። እንግሊዝኛ ይህንኑ «ኦይድ» አድርጎታል፤ በየጤና ጣቢያው የሚሰማው ታይፎይድ ቃል በቃል «ታይፈስን የሚመስል» ማለት ነው። ቤተሰብን የሚለዩት ሁለት ቅጥያዎች ደግሞ እጅግ መደበኛ ናቸው፦ እንስሳ ከሆነ «ኢዴ»፣ ተክል ከሆነ «አሴኤ»። ቀበሮው ከካኒዴ፣ ሳማው ከኡርቲካሴኤ ነው።

ጥቂት ስሞች ግን ቅጥያ ሳይለጠፍባቸው እንዳሉ ገቡ። ሩፔል በ1835 ዋልያን ካፕራ ዋሊዬ፣ ጭላዳን ማካከስ ጌላዳ (ዛሬ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ) ብሎ ሲመዘግብ የአገሬውን መጠሪያ ነው የተጠቀመው። ጤፍ ወደዚህ ጎራ የገባው በክርክር ነው። ዙካኚ በ1775 ፖዋ ቴፍ ብሎት ነበር፤ ዣካን በ1781 ፖዋ አቢሲኒካ አለው፤ ኋላም ኤራግሮስቲስ አቢሲኒካ እየተባለ በብዙ መጻሕፍት ታተመ። በስያሜ ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚያሸንፍ «አቢሲኒካ» ቀረና ጤፍ ዛሬ ኤራግሮስቲስ ቴፍ ተብሎ ተመዝግቧል።