ባሕር ዛፍ የሌለበት ተራራ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከተሣሉት የሸዋ ሥዕሎች ሁሉ የዮሐን ማርቲን በርናትስን ያህል የምወደው የለም። በርናትስ ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 እንግሊዛዊው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ ከመራቸው መልእክተኞች ጋር የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ። ሥዕሎቹ በ1852 ለንደን ላይ ታትመዋል። ሰውና ከብት ሞልቶባቸዋል፤ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈውም እነሱ ላይ ነው።

እኔን ያስቆመኝ ግን ከሰዉ ጀርባ ያለው ተራራ ነው። የጎደለው ነገር አለ። ሱሉልታ ወይም ቡራዩ ላደገ ሰው ተራራ ማለት ባሕር ዛፍ የለበሰ ተራራ ነው፤ በርናትስ ዘንድ አንድም ባሕር ዛፍ የለም። ሰዓሊው አልዘነጋውም፤ ዛፉ ገና አገራችን አልደረሰም ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው በሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ነው፤ ሥዕሎቹ ከታተሙ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ዙሪያዋን በልታ ጨርሳ፣ እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ በቡራዩ በኩል ወደ ምዕራብ አልፈው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ዛፍ ደረሰላት።

ታዲያ ከባሕር ዛፍ በፊት ተራራው ምን ለብሶ ነበር? ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ሰበታ ይውጣ። በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ያረጀ ጽድ አጠገብ ሲቆሙ ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተላጠ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ከቅርንጫፎቹ አረንጓዴ ግራጫ የዛፍ ሽበት ይወርዳል፤ እጅ ሲያሳርፉበት ግንዱ ሻካራና ደረቅ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የጽዱን ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እዚህ ያስዘሩት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ወፍ ዋሻ ደግሞ የአንኮበር ጎረቤት ነው! ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ የሰበታ ጽድ በርናትስ ወረቀቱን ዘርግቶ ከተቀመጠበት አገር ዛፍ ጋር የአንድ ዘር ልጅ ነው። ይህን ሳገናኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ደስታው ግን ብቻውን አልቆየም። ሣህለ ሥላሴ በኦሮሞ ላይ ሲዘምቱ ሃሪስ ተከትሏቸው በእንጦጦ በኩል እስከ ፍንፍኔ ወርዶ ነበር። በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ መንደር ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል፣ ከብት ሲነዳ ጽፏል። እነዚያ ተራሮች የማንም ያልሆኑ ባዶ ጀርባ አልነበሩም፤ ቤትና ማሳ፣ የግጦሽ መስክና ባለቤት ነበራቸው። ሃሪስ ያየው ከዘማቹ ሰፈር ሆኖ ነው። ስለዚህ የእሱን መጽሐፍና የበርናትስን ሥዕሎች የሚያጠና ሰው በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ የኦሮሞ አዛውንቶች ዘንድም ቁጭ ብሎ፣ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይጠይቅ እላለሁ።