ከወጨጫ የሚወርደው ውኃ

በ2017 ዓ.ል. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ካነቃነቀ ወዲህ በየቤቱ ስለ ምድር መናወጥ ብዙ ተወርቷል። ይህን መፍራት አግባብ ነው። ይሁንና በመናገሻ ዙሪያ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖር ቤተሰብ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚመላለሰው አደጋ ውኃ ነው። የዛሬው ርእሳችንም እርሱ ነው።

እስቲ ምድሩን እንየው። የወጨጫ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በአንድ ጎኑ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ደን ባለበት በኩል ዝናቡ ቅጠል ላይ አርፎ፣ በሥር በሥሩ ሰርጎ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በተመነጠረው ተዳፋት ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚንሸራተት ነው።

ከታች የበቾ ሜዳ ይቀበለዋል። ሜዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ አዋሽ እዚያ ሲደርስ ይዝላል። መረሬው አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ሲጠግብ ደግሞ ያብጥና ይደፈናል፣ ጠብታ አያሳልፍም። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ተራራው የላከውም ሰማዩ ያወረደውም ማሳ ላይ ይተኛል። በሰበታ ሐዋስና በኢሉ ያሉ ገበሬዎች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የሱሉልታ ሜዳም እንዲሁ ይረግባል፤ የእርሱ ውኃ ግን ወደ ሙገር ነው የሚሄደው።

ይህ ቀስ ብሎ የሚሞላ ውኃ በአብዛኛው ሰብልና ግጦሽ ያጠፋል። ሰው የሚወስደው ደራሹ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ል. ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የጣለው በሐረርጌ ደጋ ነበር፤ ሰዉ የሞተው ከታች፣ በእንቅልፉ።

የእኛም አካባቢ ሸለቆዎች እንደዚያ ናቸው። ትናንት እርሻ የነበረው ዛሬ ጣሪያና አስፋልት ሆኗል፤ ድሮ መሬት ይጠጣው የነበረው ዝናብ አሁን በአንድ ጊዜ ወንዝ ይገባል። ርካሽ ቦታ የሚገኘውም ወንዝ ዳር ነው። እዚያ የሠራው ድሃ ወዶ አልሠራም፤ ልንወቅሰው አይገባም።

«ቀደር ከሆነ የት ይኬዳል?» የሚሉ አሉ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን ሲሰሙ ከመንገድ ተመልሰዋል፤ ከቀደር መሸሽ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው መሄድ መሆኑን አስረድተዋል። ሰበብ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው።

ታዲያ ሰበቡ ምንድን ነው? እኛ ሰፈር ፀሐይ ወጥቶም ወጨጫ ወይም እንጦጦ ላይ ከጠቆረ፣ ልጆች ወንዝ ተሻግረው ወደ መድረሳ አይላኩ። ለሱብሒ ውዱእ ወንዝ ዳር የሚወርድም ይተው፤ በቤቱ ያድርግ። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ፣ ከላይ እንደ ከባድ መኪና ጉርምርምታ ከተሰማ፣ ዕቃ አንሰብስብ፤ ልጆቹን ይዘን ወደ ከፍታ እንውጣ። ጉልበት የሚደርስ ደራሽ ጎልማሳ ይጥላል። በሬ ለማዳን ብሎ የሚገባ አባወራ ቤቱን ያለ አባት ሊያስቀር ይችላል።

ተዳፋት ላይ ያላችሁ ደግሞ መሬቱን እዩት፦ አዲስ ስንጥቅ፣ የዘመመ ዛፍ፣ የደፈረሰ ምንጭ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ውስጥ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ለመርዳት ስንሮጥ ከላይ የሚጠብቅና የሚጮህ አንድ ሰው እናቁም።

ውኃው ከጎደለ በኋላ የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ከመጸዳጃ ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናልና ለልጆች ሳይፈላ ወይም ውኃ አጋር ሳይገባበት አይሰጥ፤ በውኃ ተውጦ የነበረ እህልም ቢደርቅ እንኳ ሻጋታውን ሳናይ ወፍጮ ቤት አንውሰደው።