ልጆቻችን ወደ በረሃ ሲወጡ ስልክ ብቻውን መንገድ ያሳያል?



ከጋን ያቭኔ፣ ከገዴራና ከቂርያት ማልአኪ ብዙ ወጣቶቻችን በፋሲካና በሱኮት በዓል ቀናት ለቲዩል ወደ ኔጌቭና ወደ ይሁዳ በረሃ፣ አንዳንዶቹም በቅርባችን ወዳለው የኒጻኒም አሸዋ ይሄዳሉ። በሥራችን የምናገኛቸው ወላጆች ደጋግመው «ልጄ ስልክ ይዟል፣ እንዴት መንገድ ይጠፋዋል?» ይሉናል። መልሱን ሁላችንም ብናውቀው ይጠቅማል።

ስልኩ ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ ነው። ለዚህም ቢያንስ የአራት ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልገዋል። ይህ ከስልክ ኩባንያው ኔትወርክ የተለየ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ውስጥም ስልኩ ቦታውን ያውቃል። ካርታው ግን ከኢንተርኔት የሚመጣ ከሆነ፣ ነጥቡ በባዶ ገጽ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርታውን ቤት ሆነን አውርደን መያዝ እንችላለን ወይ?» የሚለው ነው።

ዌይዝ ለመኪና መንገድ የተሠራ ስለሆነ ለእግር ጉዞ አይሆንም። ለእስራኤል የእግርና የጂፕ መንገዶች «አሙድ አናን» የተባለው አፕሊኬሽን የታወቀ ነው፤ ስሙ አባቶቻችንን በምድረ በዳ የመራው የደመና ዓምድ ማለት ነው። «ኦርጋኒክ ማፕስ» ደግሞ በነጻ የሚገኝና ካርታው ስልኩ ላይ የሚቀመጥ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ በሰፈራችሁ፣ ኢንተርኔቱን ዘግታችሁ ሞክሩት።

ለብዙ ቀን ጉዞ በእጅ የሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ ይሻላል። ከጋርሚን ኢትሬክስ አንዳንዶቹ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ ትርፍ ድንጋይ መያዝ ይቻላል። ኢንሪች የሚባለው ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የእርዳታ ጥሪ ይልካል፤ ነገር ግን ከዋጋው ሌላ የአገልግሎት ክፍያ አለው። ለአንድ ቀን ጉዞ ግን ካርታ የተጫነበት ስልክና ተጨማሪ ቻርጅ መያዣ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል።

መሣሪያው የማይሠራበት ጊዜም አለ። በኤፕሪል 2024 በጦርነቱ ምክንያት የጂፒኤስ ምልክት ሲታወክ፣ ቴል አቪቭ ያሉ ስልኮች ቤይሩት ናችሁ ይሉ ነበር። ስለዚህ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር የሚያወጣውን 1:50,000 የወረቀት ካርታ መያዝ ያስፈልጋል፤ በእሱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። በድንጋይ ላይ የሚታየውን ምልክት፣ ማለትም በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል ያለውን ቀለም መከተልንም ልጆች ይማሩ። ቀለሙ መንገዱን ይለያል እንጂ ከባድ ወይም ቀላል መሆኑን አይናገርም።

ትክክለኛውን መንገድ ማወቅም ብቻውን አያድንም። በኤፕሪል 26 ቀን 2018 በናሐል ጻፊት ድንገተኛ ጎርፍ 10 ወጣቶች ሞተዋል። የአየር ትንበያውንና ቦታው የሠራዊቱ የተኩስ መለማመጃ መሆን አለመሆኑን ከመውጣት በፊት ማጣራት ግዴታ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ዕብራይስጡ ቢያስቸግረንም ይህ ጉዳይ ከእኛ በላይ አይደለም። ብዙዎቻችን ወደ ሱዳን ስንጓዝ ቀን ተደብቀን፣ ሌሊት መንገድ አዋቂ ተከትለን ሄደናል። ውኃ የት እንዳለና ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ሳናውቅ አንነሣም ነበር። ልጃችን ሲወጣም እንዲሁ እንጠይቅ፦ የት ትሄዳለህ? ከማን ጋር? ስንት ሊትር ውኃ ይዘሃል? ስንት ሰዓት ትመለሳለህ? መልሱን ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ እንለጥፈው። በሰዓቱ ካልተመለሰና ካልተገኘ ለፖሊስ 100 ደውለን የምንነግረው ይህንኑ ነው።

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ያግባቸው!