የመምህሩ እርማትና የተማሪው መልስ በአንድ ደብተር

አንድ መምህር ለሁለት መቶ ተማሪዎች መልመጃ ከሰጠ ከሦስት ቀን በኋላ በአንዱ ጥያቄ ላይ የቁጥር ስሕተት አገኘ እንበል። መልመጃው በወረቀት የተሰጠ ቢሆን እርማቱን በሰሌዳ ላይ መጻፍ በበቃው ነበር። በኢንተርኔት በሚሠራ ኖትቡክ የተሰጠ ከሆነ ግን ብዙዎቹ ተማሪዎች መልሳቸውን እዚያው ፋይል ውስጥ ጽፈዋል። አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ቢጫን የተማሪው ድካም ይጠፋል፤ ባይጫን ስሕተቱ እንዳለ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ችግር ለመፍታት የተዘጋጀውን ኤንቢጊትፑለር የተባለ ቅጥያ ፕሮግራም እንመለከታለን።

ኖትቡክ የምንለው ማብራሪያ፣ የፕሮግራም ትእዛዝና የስሌት ውጤት በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው የሚቀመጡበት ፋይል ነው። ከዚህ ዓይነቶቹ በስፋት የታወቀው ጁፒተር ሲሆን፣ ፕሮጀክቱ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጁፒተርሃብ የተባለው ሥርዓት ደግሞ አገልግሎቱን ለብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። ስሌቱ የሚከናወነው በሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ለተማሪው ብራውዘር ያለው ማንኛውም ኮምፒዩተር ይበቃዋል። እያንዳንዱ ተጠቃሚም ለብቻው የተከለለ የሥራ ቦታና የራሱ ማኅደር ይኖረዋል። (በብዙ ሰርቨሮች ላይ የዚህ ማኅደር ስም «ጆቪያን» ነው፤ የጁፒተር ፕላኔት ነዋሪ ማለት ነው። የኮምፒዩተር ሰዎች ቀልድ ነው።)

በአሜሪካ በርክሊ ከተማ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 «ዳታ 8» የተባለ የዳታ ሳይንስ መግቢያ ትምህርት ጀመረ። ትምህርቱ ቀደም ያለ የፕሮግራም ዕውቀት አይጠይቅም። የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበውን ጊት የተባለውን መሣሪያ ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ ይማር ማለት የማይታሰብ ነበር። ኤንቢጊትፑለር ያደገው ከዚህ ፍላጎት ነው። ተማሪው መምህሩ የላከለትን ሊንክ ይጫናል፤ የቀረውን ጊት ከመጋረጃው በስተጀርባ ይሠራል።

ሊንኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ የመልመጃው ማኅደር በሙሉ ወደ ተማሪው የሥራ ቦታ ይገለበጣል። ዋናው ቁም ነገር የሚመጣው በሁለተኛው ጊዜ ነው። ቅጥያው በመጀመሪያ ተማሪው በመልመጃ ፋይሎቹ ላይ ያደረገውን ለውጥ ይመዘግባል፤ ከዚያም የመምህሩን አዲስ ቅጂ አምጥቶ ያዋሕዳል። ሁለቱን ቅጂዎች ብቻ ቢያወዳድር የትኛው መስመር በማን እንደተለወጠ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልገዋል፤ እርሱም ሁለቱም የተነሡበት የመጀመሪያው ቅጂ ነው።

በመነሻው ቅጂ «የናሙናው ብዛት 50» ተብሎ ነበር፣ መምህሩም 500 ብሎ አርሞታል እንበል። ተማሪው ያን መስመር ካልነካው የእርሱና የመነሻው ቅጂ እኩል ስለሚሆኑ የመምህሩ እርማት ይገባል። ባዶ በነበረው የመልስ ቦታ ላይ የጻፈው ተማሪው ብቻ ከሆነ ደግሞ የተማሪው መልስ ይቆያል። ሁለቱም አንዱን መስመር በተለያየ መንገድ ለውጠውት ከሆነስ? ቅጥያው ለተማሪው ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ዋጋ አለው፤ ስሕተት ያለበትን መስመር የነካካ ተማሪ እርማቱ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። እኛ ግን ውሳኔው ትክክል ነው እንላለን፤ ያልደረሰ እርማት በቃል ሊነገር ይችላል፣ የጠፋ የሌሊት ሥራ ግን አይመለስም።

ተማሪው በራሱ የፈጠረው ፋይል ከመምህሩ አዲስ ፋይል ጋር በስም ቢገጥም፣ የተማሪው ፋይል በስሙ ላይ ጊዜ ተጨምሮበት ይቀመጣል እንጂ አይሰረዝም። ተማሪው የሰረዘው የመልመጃ ፋይል ደግሞ ሊንኩ ሲነካ ከመምህሩ ዘንድ ተመልሶ ይመጣል። መልመጃውን አበላሽቶ እንደ አዲስ መጀመር የፈለገ ሰው የራሱን ቅጂ በሌላ ስም አስቀምጦ ሊንኩን ቢጫን ንጹሕ ቅጂ ያገኛል።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ግን በዲስክ ላይ ለተቀመጠ ፋይል ብቻ ነው። በስሌት ወቅት የተፈጠሩት ተለዋዋጮች በሰርቨሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ የሚኖሩ በመሆናቸው ከፋይሉ ጋር አይቀመጡም። ብዙ ተጠቃሚ ያላቸው ሰርቨሮች ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰዓት፣ እንቅስቃሴ ያልታየበትን የሥራ ቦታ ይዘጋሉ። ተማሪው ሲመለስ ጽሑፉንና ቀድሞ የወጡትን ውጤቶች በገጹ ላይ ያያል፤ ሆኖም አንድ ትእዛዝ ሲያስኬድ ተለዋዋጩ አይታወቅም የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ያን ጊዜ መፍትሔው ኖትቡኩን ከመጀመሪያው ትእዛዝ አንሥቶ በተራ ማስኬድ ነው። ኤንቢጊትፑለርም መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ ተማሪው በራሱ የፈጠራቸውን ፋይሎች በጊት መዝገብ ውስጥ አያስገባም፣ መዝገቡም የሚኖረው እዚያው የተማሪው ማኅደር ውስጥ ነው። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ሰርቨሩ ከመዘጋቱ በፊት ፋይሎቹን አውርዶ መያዝ የተማሪው ፈንታ ነው።