«ያልተሟላ ጥገኝነት»፦ ኮምፒዩተሩ ምን እያለን ነው?

በኡቡንቱ ወይም በዴቢያን ሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ አይባስ-ኤም17ኤን የተባለውን ጥቅል መትከል። ይህ ጥቅል «ሴራ» በተባለው፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ በተቀየሰው ዘዴ፣ «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ ያስችላል። ይሁን እንጂ ጥቅሉ ብቻውን አይሠራም። አይባስ የተባለውን የኪቦርድ አስተዳዳሪና የኤም17ኤንን ላይብረሪ ይፈልጋል። ላይብረሪውም በበኩሉ የየቋንቋውን የአጻጻፍ ሕግ የያዘ ሌላ ጥቅል ይሻል። ሰንሰለቱ በዚህ አያበቃም።

የኢንተርኔት መስመር ባለበት ስፍራ ይህ ሰንሰለት ለተጠቃሚው አይታየውም። አሁን ግን አንገቱ ውስጥ መስመር የሌለው አንድ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር እናስብ። ጥቅሉ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ዲስክ ይመጣለታል። እስከ ሮቤ ያለው መንገድ ብቻ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍላሹ ደርሶ ሲከፈት ኮምፒዩተሩ «ያልተሟላ ጥገኝነት አለ» የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል። አንዲት ትንሽ ፋይል በመጉደሏ የመንገዱ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለመሆኑ ይህ መልእክት ምን ማለት ነው? መፍትሔውስ?

ጥቅልና ጥገኝነት

ጥቅል ማለት የአንድ ፕሮግራም ፋይሎች ከአንድ መግለጫ ጋር ታስረው የሚቀመጡበት ነው። መግለጫው ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች፣ ከየትኛው እትም ማነስ እንደሌለባቸው፣ ከየትኞቹ ጋር አብሮ ሊኖር እንደማይችልና የትኛውን እንደሚተካ ይዘረዝራል። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረተው ዴቢያን ይህን አሠራር ካስፋፉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዴቢያን 2.1 ደግሞ አፕት የተባለው መሣሪያ ሰንሰለቱን ራሱ ተከትሎ የጎደለውን ሁሉ ማምጣት ጀመረ።

እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ቢመጣ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በጋራ መጠቀም የዲስክ ቦታን ይቆጥባል፤ ከሁሉም በላይ በአንድ ላይብረሪ ውስጥ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ አንድ ቦታ ላይ ማረም ለሁሉም ይበቃል። የጋራ አጠቃቀም ጥብቅ መዝገብ ሲያጣ ምን እንደሚከተል ደግሞ የ1990ዎቹ ዊንዶውስ አሳይቷል፤ አዲስ የተተከለ ፕሮግራም የጋራውን ፋይል በራሱ እትም እየደመሰሰ የቀድሞውን ፕሮግራም ያሰናክል ነበር።

ግጭት ከየት ይመጣል?

በባሌ የስንዴ አጨዳ ወቅት ኮምባይነር ሲጠገን ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ፑሌጃ በልኩ የተሠራ ቺንጋ ብቻ ይቀበላል። አንዱ የማሽኑ ክፍል ሰፊውን፣ ሌላው ክፍል ጠባቡን ቺንጋ የሚጠይቅ ከሆነና ሁለቱም በዚያው ፑሌጃ መዞር ካለባቸው፣ ሁለቱም ዕቃዎች አዲስና ጤነኛ ቢሆኑም አብረው አይሠሩም። ጥቅሎችም እንዲሁ ናቸው። በአንድ ሲስተም ላይ የአንድ ጥቅል አንድ እትም ብቻ ሊተከል የሚችል ሲሆን፣ አንዱ ፕሮግራም አዲሱን፣ ሌላው አሮጌውን እትም ከጠየቀ ግጭት ይፈጠራል።

በተግባር ዋነኞቹ ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፦ ለአንድ የኡቡንቱ እትም የተዘጋጀን ጥቅል በሌላው ላይ መትከል፣ ከውጭ ምንጮች የመጡ ጥቅሎችን ከዋናው ማከማቻ ጋር መቀላቀል፣ መብራት ወይም መስመር ተቋርጦ ተከላው መሐል ላይ መቅረቱ፣ እንዲሁም አንድ ጥቅል እንዳይሻሻል ታግዶ መቆየቱ።

የስም ለውጥም አለበት። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ በዴቢያን ውስጥ ቀድሞ ስሙ በ«ቲቲኤፍ» የሚጀምር ጥቅል ነበር፤ በኋላ በ«ፎንትስ» በሚጀምር ስም ተተካ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ አዲሱ ጥቅል የቀድሞውን እንደሚተካ በመግለጫው ካላስታወቀ፣ አንድ ፋይል ሁለት ባለቤት ያገኝና ተከላው ይቆማል።

ለምን ይከብዳል?

ከፊዚክስ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሦስት ማዕዘን ጫፎች ላይ ሦስት ማግኔቶች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ያመለክታል፤ ከሁለቱም ጎረቤቶቹ ተቃራኒ መሆንንም ይሻል። አንደኛው ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ወደ ታች ቢሆን ሦስተኛው ወዴት ይዙር? ወዴትም ቢዞር ከአንዱ ጋር ይመሳሰላል። ጥፋቱ የማንኛቸውም ማግኔት አይደለም፤ ጥያቄዎቹ አንድ ላይ ሊሟሉ ስለማይችሉ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱ መላላት አለበት።

የጥቅሎች ቁጥር ሲበዛ ፍለጋው ይሰፋል። እያንዳንዱ ጥቅል ወይ ይተከላል ወይ አይተከልም፤ ስለዚህ 10 ጥቅሎች 1,024 አማራጮች አሏቸው። የ300 ጥቅሎች አማራጭ ግን በሚታየው ዩኒቨርስ ውስጥ አሉ ተብለው ከሚገመቱት አተሞች ቁጥር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ከ64,000 በላይ ጥቅሎች ነበሩት። አንድ ጥቅል ሊተከል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ፣ ለሁሉም ሁኔታ ፈጣን መፍቻ ካልተገኘላቸው የሒሳብ ችግሮች አንዱ መሆኑን የአውሮፓ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። ደግነቱ በዕለት ተዕለት ሥራ የሚገጥሙን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኦፕንሱዜ 11.0 ጥያቄውን እንደ ሎጂክ ችግር የሚፈታ ሥልት መጠቀም ጀምሯል።

እንዴት ይፈታል?

በመጀመሪያ መልእክቱን ማንበብ ነው። የትኛው ጥቅል የትኛውን እትም እንደጠየቀና ያለው እትም የትኛው እንደሆነ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ቀጥሎ የጥቅሎችን ዝርዝር ማደስና መሐል ላይ የቀረ ተከላ ካለ ማስጨረስ ያስፈልጋል። ችግሩ ካልተወገደ የሚጋጨው እትም ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ አፕትን መጠየቅ ይቻላል። ምንጩ የውጭ ሆኖ ከተገኘ እርሱን ዘግቶ ጥቅሉን በዋናው ማከማቻ እትም መተካት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ከማንኛውም ትልቅ ለውጥ በፊት አፕት ሥራውን በማስመሰል ብቻ እንዲያሳይ ማዘዝ ይገባል። ዋናው የሚነበበው የሚወገዱት ጥቅሎች ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ላይነስ ሰባስቲያን የተባለው ካናዳዊ የቪዲዮ አዘጋጅ ስቲም የተባለውን የጨዋታ ፕሮግራም በፖፕ ኦኤስ ላይ ሊተክል ሲል፣ በጥቅሎቹ ላይ በነበረ ስሕተት ምክንያት አፕት ዋና ዋና ጥቅሎችን እንደሚያስወግድ አስጠነቀቀው። እርሱም «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ» የሚል ትርጉም ያለውን ማረጋገጫ ጻፈ። ዴስክቶፑም ተነቀለ። አፕት የፈጸመው የተጠየቀውን ነበር። ጥገኝነትን በኃይል መጣስም ከዚህ አይሻልም፤ መልእክቱን ዝም ያሰኛል እንጂ ግጭቱን አያስወግድም።

ሁለቱ ፕሮግራሞች በእርግጥ የማይስማሙ ከሆነ፣ አንዱን የራሱን ላይብረሪዎች ይዞ በሚመጣ እንደ ፍላትፓክ ባለ ሣጥን ለይቶ ማኖር ይቻላል። ዋጋው ግን ተጨማሪ የዲስክ ቦታና የሚወርድ ሜጋባይት ነው።

መስመር በሌለበት

አሁን ወደ ፍላሹ እንመለስ። አዲስ አበባ ያለው ኮምፒዩተር አንዳንዶቹን ጥቅሎች አስቀድሞ ተክሏቸው ስለነበር አላወረዳቸውም፤ የአንገቱው ግን የሉትም። ጥገኝነት የጥቅሉ ብቻ ሳይሆን የተቀባዩ ኮምፒዩተር ጉዳይም ነው። በመሆኑም የሚያስፈልጉት ነገሮች ዝርዝር መዘጋጀት ያለበት ጥቅሉ በሚተከልበት ኮምፒዩተር ላይ ነው። አፕት-ኦፍላይን የተባለው መሣሪያ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ መስመር የሌለው ኮምፒዩተር ጥያቄውን በፋይል ይጽፋል፣ ፋይሉ መስመር ወዳለበት ስፍራ ተወስዶ የተጠየቀው ይወርዳል፣ ተመልሶም ይተከላል። መሣሪያው ከሌለ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እትም፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነትና የተተከሉትን ጥቅሎች መዝገብ ገልብጦ መላክ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ፍላሹ መጀመሪያ መጓዝ ያለበት ከአንገቱ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ጥያቄውን ይዞ።